ጠላ ወይስ ፊልተር?
ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ስትወጡ፣ በር ላይ ጣሳ የተሰካበት እንጨት ካያችሁ ጠላ ቤት ነው። ምርጫው ጠላ ወይስ ፊልተር የሚለው ነው።

ጥንስሱ ያው ነው፤ ጌሾና ብቅል። ጠላው ድፍድፉ ላይ ብዙ ውሃ ይጨመርበታል፤ አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው። ፊልተሩ በጥቂት ውሃ ይበጠበጥና በጨርቅ ይጠለላል፤ 5 በመቶም ያልፋል። ጥርት ያለ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ግን ተንኮለኛ ነው። ስትነሱ ነው የምታውቁት!

እኔ ጠላውን እመርጣለሁ። ጋኑ በወይራ ስለታጠነ መጀመሪያ ጭሱ ይሸታል። ከዚያ የተቆላው ገብስ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ የጌሾው ምሬት ምላስ ሥር ይቀራል። ላዩ ላይ ገለባ ቢንሳፈፍ እፍ ብሎ መጠጣት ነው። ፊልተር ካማራችሁ ግን ቆሎ አስቀርቡ፤ የመኪናውንም ቁልፍ ላልጠጣ ሰው ስጡ።