ለወላጆቻችሁ የዳኑብ የመርከብ ጉዞ ከመግዛታችሁ በፊት የቪዛቸውን «የመግቢያ ብዛት» ተመልከቱ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በአውሮፓ ወንዞች ላይ የሚደረግ የመርከብ ጉዞ ለእናታቸው፣ ለአባታቸው ወይም ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ዘመዳቸው ለመግዛት ላሰቡ ወገኖች ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ሲሆን፣ በመስከረም 2025 ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ይዤ፣ ከቡዳፔስት ተነስቶ በዳኑብ ወንዝ እስከ ሮማኒያ በሚወርድ መርከብ ለስምንት ቀን ለመጓዝ ሙሉ ክፍያ ፈጽሜ ነበር። መርከቡ ውስጥ የቆየነው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጉዞውን የሸጠልኝ የአገራችን ልጅ የሆነ የጉዞ ወኪል ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ጉዳዩ ገና ስላላለቀና ዓላማዬ ሰው ማሳጣት ስላልሆነ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመን ስንጫወት ነገሩን አንስቶልኝ፣ በሳምንቱ ቢሮው ድረስ ሄጄ የእናቴን ፓስፖርት ቅጂ ሰጠሁትና ቀብድ ከፈልኩ። ከእኔ የሚጠበቅ ሌላ ነገር እንዳለ ደጋግሜ ጠይቄው ነበር። የመለሰልኝ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «እህቴ፣ ማዘር ሸንገን ካላቸው ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም። መርከቡ እኮ ሆቴል ማለት ነው፣ ከሆቴላቸው ሳይወጡ ነው አገሩን የሚያዩት።» (ሸንገን የሚባለው በአንድ ቪዛ፣ በመካከላቸው ያለ ድንበር ፍተሻ የሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው።) መልሱን በጽሑፍ እንዲልክልኝ አልጠየቅሁትም፤ ዛሬ አጥብቆ የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

በመሳፈሪያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቡዳፔስት ወደቡ ላይ ደርሰን ሻንጣችን ወደ ካቢን ከተወሰደ በኋላ፣ የመርከቡ እንግዳ ተቀባይ ፓስፖርቶቻችንን ሰብስባ ማየት ጀመረች። የእኔን የጀርመን ፓስፖርት ገልጣ ወዲያው አስቀመጠችው። የእናቴን ግን ቪዛው የተለጠፈበት ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጣቷን የመግቢያ ብዛት በሚለው መስመር ላይ አሳርፋ፣ እዚያ የታተመውን «01» የሚል ቁጥር ሁለት ጊዜ ተመለከተችና ኃላፊዋን ጠራች። ኃላፊው በጣም ትሑት ሰው ነበር። የነገረን ነገር ግን ግልጽ ነበር፤ መርከቡ ሰርቢያ ሲገባ እናቴ ከሸንገን ክልል እንደወጣች ይቆጠራል፣ ከሰርቢያ ቀጥሎ ቡልጋሪያ ስትደርስ ግን ዳግም የምትገባበት ቪዛ የላትም፤ ስለዚህ ሊያሳፍሯት አይችሉም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለመንገድ ያዘጋጀችውን ዳቦ ቆሎ የያዘ ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ መቀበያው አዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የሚባለው ቋንቋ ባይገባትም ፊቴን አይታ «ምን ጎደለ ልጄ?» አለችኝ። ሻንጣችን ተመልሶ ወረደ፤ ማታ መርከቡ ሲነሳ እኛ ወንዙ ዳር ባለ ሆቴል መስኮት ላይ ሆነን አየነው።

የስህተቱን መነሻ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይኸው ጉዞ ዛሬም በዚሁ አነጋገር እየተሸጠ ነው። ዳኑብ ከጀርመን ጥቁር ደን ተነስቶ ጥቁር ባሕር እስኪገባ ድረስ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል የሚፈስና አሥር አገሮችን የሚያቋርጥ ወይም የሚያዋስን ወንዝ ነው። የላይኛው ክፍል፣ ማለትም ከጀርመኗ ፓሳው ከተማ በቪየናና በብራቲስላቫ አድርጎ እስከ ቡዳፔስት ያለው፣ በሙሉ በሸንገን አገሮች ውስጥ ነው። ከቡዳፔስት ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ ሃንጋሪ ሸንገን ናት፣ ክሮኤሺያም ከጥር 2023 ጀምሮ ሸንገን ናት፣ ቡልጋሪያና ሮማኒያም ከጥር 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። በመካከል ግን ኖቪ ሳድና ቤልግሬድ የሚገኙባት ሰርቢያ አለች፤ ሰርቢያ የአውሮፓ ኅብረትም የሸንገንም አባል አይደለችም። ከመርከቡ ወረዱም አልወረዱም፣ ካቢናቸው ውስጥ ተኝተው ቢያልፉም፣ ድንበር ማቋረጡ ድንበር ማቋረጥ ነው። ወኪሉ «ሆቴል ነው» ያለው ይህን ሐቅ የሚሸፍን አነጋገር ነበር።

ለሌላ አገር ሰው ይህ ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚፈታ ጉዳይ ነው፤ ሲያመለክት የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይጠይቃል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ያ በር ጠቧል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ላይ፣ ኢትዮጵያ በሕገ ወጥ መንገድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም በሚል ምክንያት፣ በኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ ላይ ገደብ ጥሏል። በዚህ ውሳኔ መሠረት አባል አገሮች የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዲሰጡ የሚያደርገው አሠራር ለኢትዮጵያውያን የታገደ ሲሆን፣ የማመልከቻ ማያ ጊዜውም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። እንግዲህ ለኢትዮጵያዊት እናት ከሸንገን ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ መርከብ መሸጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልታገኘው በማትችለው ቪዛ ላይ የተመሠረተ ዕቃ መሸጥ ነው። ዕለት ተዕለት ለኢትዮጵያውያን ትኬት የሚሸጥ ሰው ይህን አላውቅም ሊል አይገባም።

ስለዚህ ቪዛው ላይ «01» የተጻፈበት እንግዳ ያለው ሰው፣ መርከቡ የሚቆምባቸውን ከተሞች ብቻ ሳይሆን የሚያልፍባቸውን አገሮች ሁሉ ዘርዝሮ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከፓሳው ቡዳፔስት ደርሶ የሚመለሰው ጉዞ ይህ ችግር የለበትም። ከአምስተርዳም ባዝል በራይን ወንዝ የሚሄደውም እንዲሁ፤ ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም የሸንገን አባል ናትና። በፈረንሳይ በሴን ወይም በሮን፣ በፖርቱጋል በዶሮ ወንዝ የሚደረጉትም በዚህ በኩል አያሰጉም። እዚሁ የሚኖር፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞም የጀርመን ወይም የሌላ ሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ወጥቶ መመለስ ስለሚችል ከዚህ ችግር ነጻ ነው። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ እስከሆነ ድረስ የሸንገን ቪዛ እንደሚያስፈልጋችሁ አትርሱ፤ ግሪን ካርዱ የአውሮፓን በር አይከፍትም።

በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ (መጓጓዣና ማረፊያ አንድ ላይ የሚሸጥበት ጉዞ) ሕግ መሠረት ሻጩ ውል ከመፈረሙ በፊት ስለ ፓስፖርትና ቪዛ አጠቃላይ መረጃ፣ ቪዛውን ለማግኘት የሚወስደውን ግምታዊ ጊዜ ጭምር፣ ለገዢው መስጠት አለበት። እኔ የተሰጠኝ ወረቀት የጀርመን ዜጋ በመታወቂያ ወይም በፓስፖርት መጓዝ እንደሚችል ብቻ የሚናገር ነበር፤ የእናቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቅጂ ከዚያው ወረቀት ጋር ተያይዞ እያለ ስለ እሷ አንድ መስመር አልተጻፈም። በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው አንቀጽ ደግሞ የጉዞ ሰነድ ማሟላት የተጓዡ ኃላፊነት ነው ይላል። ኩባንያው «ያልቀረበ ተሳፋሪ» ብሎ ለሁለታችንም 90 በመቶ የመሰረዣ ክፍያ ቆረጠና ለመርከቡ ከከፈልነው 4,750 ዩሮ 475 ዩሮ ብቻ መለሰ። ለቪዛው ብለን የገዛነው የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንስ ለሕክምና እንጂ ለተሰረዘ ጉዞ አይከፍልም፤ የጉዞ መሰረዣ ኢንሹራንስም ቢሆን በአብዛኛው በሰነድ ጉድለት ለቀረ ሰው እንደማይከፍል ዘግይቼ ተረድቻለሁ።

ዋጋውንም እግረ መንገዴን ላንሳ፤ ማስታወቂያው ላይ «ከ1,490 ዩሮ ጀምሮ» ይል ነበር። ይህ ዋጋ ከታችኛው ወለል፣ መስኮቱ ከማይከፈትና ከውኃው ወለል ብዙም ከፍ ከማይል ካቢን የሚጀምር ነው። የእናቴ ጉልበት ስለሚያማት ሊፍቱ ታች እንደማይደርስ ስሰማ ወደ መካከለኛው ወለል ለመውጣት 350 ጨመርኩ። ከተሞቹን በአስጎብኚ ለማየት 290፣ ከምግብ ሰዓት ውጭ ላለው መጠጥ 175፣ ለሠራተኞች ቲፕ 70፣ ለአውሮፕላን ደርሶ መልስ 310 ሲደመርበት የአንድ ሰው ዋጋ 2,685 ዩሮ ሆነ። «የፈረንሳይ በረንዳ» የሚባለውም ሰው ወጥቶ የሚቀመጥበት በረንዳ አይደለም፤ ወለሉ ድረስ የሚወርድ ተንሸራታች መስታወትና ከፊቱ ያለ የብረት መደገፊያ ነው። ወደቡ ሲጣበብ መርከቦች ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ ያም መስታወት የሌላውን መርከብ ካቢን ብቻ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ወደ ምድር ለመውረድም የሌሎቹን መርከቦች ወለል አቋርጦ መሻገር ያስፈልጋል። ጿሚ ወላጅ ያላችሁ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ እንዲዘጋጅ ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መርከቡ ስንቁን አስቀድሞ ስለሚጭን በዕለቱ የሚጠየቅ ነገር ሰላጣ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ወኪሉ ጨርሶ ያላነሳው ጉዳይ የውኃው መጠን ነው። የወንዝ መርከብ እንደ ባሕር መርከብ አይደለም፤ ውኃው ሲጎድል ሆዱ መሬት ይነካል፣ ሲሞላ ደግሞ በድልድዮች ሥር ማለፍ ያቅተዋል። በራይን ላይ ካውብ በምትባለው የጀርመን ከተማ ያለው መለኪያ በጥቅምት 2018 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር፤ ይህ ቁጥር የወንዙ ሙሉ ጥልቀት ባይሆንም መርከቦች ምን ያህል ጭነት ይዘው ማለፍ እንደሚችሉ የሚወስኑበት ነው። በነሐሴ 2022ም ውኃው ዳግም ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች ወርዷል። በዚያው ወር ኮሎኝ የምትኖር ነርስ ጓደኛዬ ከባለቤቷ ጋር የሰባት ሌሊት ጉዞ ገዝታ ሦስቱን ቀን ያሳለፈችው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ከአንዱ መርከብ ወርደው፣ ውኃ ከጎደለበት ቦታ ማዶ የቆመ ሌላ መርከብ ላይ ተሳፈሩ። በዳኑብ በኩልም በባቫሪያ ከሽትራውቢንግ እስከ ፊልስሆፈን ያለው፣ ግድብ የሌለበት 70 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በበጋ ድርቅ ብዙ ጊዜ መርከቦችን ያስቸግራል። ሙላቱም ቀላል አይደለም፤ በሰኔ 2013 ፓሳው ላይ ዳኑብ 12.89 ሜትር ደርሶ የከተማዋን አሮጌ ሰፈር አጥለቅልቋል፣ በመስከረም 2024 በኦስትሪያ በደረሰው ጎርፍም የመርከብ እንቅስቃሴ ቆሞ ነበር።

በዚህ ላይ ኩባንያውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ዝናብ የሚያዘው እሱ አይደለም። የሚወቀሰው አስቀድሞ አለመናገሩ ነው፤ በውሉ ላይም መንገዱን በአውቶቡስ ሊተካ እንደሚችል ጽፎ ምንም ካሳ እንደሌለ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ሻጭ ጥቅል ጉዞ የገዛ ሰው መብት አለው። የጉዞው ዋና ነገር ከመነሳቱ በፊት በጉልህ ከተለወጠ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል፤ ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ከተጨመረም እንዲሁ፤ ከመነሻው በፊት ባሉት 20 ቀኖች ውስጥ ዋጋ መጨመር ጨርሶ አይፈቀድም፤ በሕግ የሚገባው ገንዘብም በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ጉዞ ላይ ሆኖ ጉድለት ሲያይ ዝም ብሎ ቤቱ ሲመለስ ከመክሰስ ይልቅ፣ ወዲያውኑ ለመርከቡ ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቅና ፎቶ ያንሳ፤ በጀርመን ሕግ ሳያሳውቅ የቆየ ሰው የዋጋ ቅናሽ የመጠየቅ መብቱ ሊቀነስበት ወይም ሊቀርበት ይችላል። በጀርመን የኪሳራ ዋስትና ወረቀቱ፣ ኩባንያው ቢከስር ገንዘባችሁን የሚያስመልሰውና ዚሸሩንግስሻይን የሚባለው፣ እጃችሁ ሳይገባ ቀብድም ቢሆን አትክፈሉ፤ ወኪሉ የአገር ልጅ መሆኑ ይህን ወረቀት አይተካውም። እኔ ሳልጠይቅ የከፈልኩትን ቀብድ ሳስብ፣ ሌላው ቢቀር በዚህ በኩል ያለመጎዳቴ ዕድል ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአሜሪካ ሻጭ የምትገዙ ግን እነዚህ መብቶች እንዳላችሁ አድርጋችሁ አትቁጠሩ፤ ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ዘሌ በሚባለው የገንዘብ መላኪያ ወይም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ።

እኔ አሁን ለሻጩም ለኩባንያውም የተመዘገበ ደብዳቤ ልኬ፣ የቪዛ መረጃ የመስጠት ግዴታቸውን አልተወጡም በሚል ገንዘቤን እየጠየቅሁ ነው። የ150 ዩሮ የቀጣይ ጉዞ ኩፖን ሊሰጡኝ ሞክረው አልተቀበልኩም፤ የይገባኛል ጥያቄው ጉዞው ካለቀበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ስለሚቆይ ጊዜ አለኝ። ከዚህ ወኪልም ሆነ ከሌላ ቡዳፔስትን አልፎ የሚወርድ ጉዞ ለወላጆቻችሁ ገዝታችሁ ቀሪውን ሂሳብ ገና ያልከፈላችሁ ካላችሁ፣ ክፍያውን አቆዩና ዛሬውኑ አዲስ አበባ ደውላችሁ ቪዛው የተለጠፈበትን ገጽ ፎቶ አስልኩ።