መኪና ግርግር ድረስ መጥታ ወንበሬን ላስተካከለችልኝ ልጅ

ሰላም የሐረር ልጆች። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይሄን ግን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ ይወቅሰኛል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። 26 ዓመት ሲንጀር ላይ ተቀምጫለሁ። አምና ቀኝ እጄ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ሌሊት ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄ እሳት ሆኖ ይቀሰቅሰኛል፤ ተነስቼ ሳራግፈው ይለቀኛል። እያደር ቀንም መጣ። መቀስ ከእጄ ይወድቃል። መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ ትንሿ ልጄ ሆነች። ለሸዋል ኢድ የተቀበልኩትን ጨርቅ ለባለቤቶቹ ስመልስ አለቀስኩ። በሕይወቴ የሰው ጨርቅ ሳልሰፋ መልሼ አላውቅም።

ስም አልጠራም፤ ግን አሳሬን አይቻለሁ። አንዱ ቦታ እጄን ሳይነካ "ሪህ ነው" ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። አስር መርፌ ተወጋሁ። ሌላ ቦታ የአንገት ራጅ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ያለኝን ብር ጨረስኩ። መጨረሻ ላይ "ምንም የለብዎትም" ተባልኩ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዴት ምንም የለበትም? ወጌሻ ጋም ሄጃለሁ። አሽቶኝ አሽቶኝ ሳምንት ሙሉ እጄ አብጦ ከረመ። ሌላው ቦታ ደግሞ ገና ከመቀመጤ "ኦፕራሲዮን" አሉኝ፣ ዋጋውንም አብረው ነገሩኝ። ያን ሁሉ ወር ስራዬ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

ከዚያ አንዲት ደንበኛዬ ስለዚህች ፊዚዮቴራፒስት ነገረችኝ። የምትሰራው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነው። ወጣት ናት። እጄን በሁለት እጇ ይዛ "ጋሼ፣ ስራዎ ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ትንሿ ጣትዎስ ትደነዝዛለች?" አሰብኩት። እውነትም እሷ ደህና ናት። "ሌሊት ሲነቁ ምን ያደርጋሉ?" እጄን አራገፍኩላት። ፈገግ አለች። ቀጥላ የሁለት እጆቼን ጀርባ አገናኝታ ጣቶቼን ወደ ታች አስደረገችኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ይነዝረኝ ጀመር። "ይኸው፣ ይሄ ነው" አለች። ወላሂ እዚያው እንባዬ መጣ።

ካርፓል ታነል ይባላል አሉ። ስታስረዳኝ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ፣ የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አለ፤ አንጓው ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይጨቆናል። ስኳርም ያመጣዋል ብላ አስመረመረችኝ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። "መጀመሪያ ቀላሉን እንሞክር" ብላ ማታ ማታ አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ አሳሰረችኝ። እምቢ ካለ አንጓው ላይ የሚሰጥ መርፌ አለ፣ ያም ካልሆነ እጅ ብቻ ደንዝዞ የሚሰራ ትንሽ ኦፕራሲዮን አለ አለች። ግን ድንዛዜው ጭራሽ አልለቅ ካለ ወይም አውራ ጣት ስር ያለው ስጋ ከከሳ አትቆዩ፣ ኦፕራሲዮኑን አትፍሩት ብላለች። ይሄን እናንተም ያዙት።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሱቄ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። "ሲሰሩ ልይዎት" አለች። ሻይ እንኳ አልጠጣም ብላ ግማሽ ሰዓት ቆማ አየችኝ። ወንበሬ ዝቅ ያለ ነው፤ ለካ ጨርቅ ስገፋ ቀኑን ሙሉ አንጓዬ እንደታጠፈ ነው የሚውለው። ጥግ ላይ የነበረውን ጆንያ አጣጥፋ ከስሬ አደረገችልኝ። "አሁን ይስፉ" አለች። ክንዴ ቀጥ አለ። ጆንያ ብቻ! 26 ዓመት ማንም አላየልኝም። ብር ስሰጣት ተቆጣችኝ።

ዛሬ ሁለት ወር ሆነኝ። ሌሊቱን እተኛለሁ። መርፌዬ ላይ ክር ራሴ አስገባለሁ።

እባካችሁ እጁ የሚደነዝዝ ሁሉ ሂዱ። እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጸጉር ሰሪዎች፣ ኮምፒውተር ላይ የምትውሉ፣ ሂዱ። የጎረቤቴ ሚስት አራስ ናት፣ ልጅ ስታነሳ አውራ ጣቷ ስር ይወጋታል። የሷ ሌላ በሽታ ነው ብላ አውራ ጣቷን የሚይዝ ሌላ መደገፊያ ሰጠቻት። ሁሉንም በአንድ መድኃኒት አታክምም፤ ለዚህ ነው የወደድኳት።

ስሟ እንዳይወጣ ስለለመነችኝ አልጻፍኩትም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አቦ አትፈሩ፣ ወይም ሱቅ ብቅ በሉ። ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋ አለ።