«የኮሎምቢያ ልጆች በአሜሪካ»፦ የአንድ ጎንደር ፊልም መጫኛ ቤት ስብስብ ሲገመገም

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ የሚጭን አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ፊልም የሚጭኑ ቤቶች በከተማችን ጥቂት አይደሉም፤ ይህኛውን ከሌሎቹ የሚለየው ፊልሞቹን «አክሽን»፣ «ድራማ»፣ «ኮሜዲ» ብሎ ከመደርደር አልፎ በተዋናዮቹ የትውልድ ሐረግ ጭምር አደራጅቶ ማቅረቡ ነው። በቅርቡ ካዘጋጃቸው ስብስቦች አንዱ «የኮሎምቢያ ልጆች በአሜሪካ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ከኮሎምቢያ ቤተሰብ የተወለዱ ወይም ከኮሎምቢያ ሄደው እዚያ በትወና፣ በሙዚቃና በስፖርት ስም ያተረፉ ሰዎችን ሥራዎች ይዟል። ይህ ግምገማ ስለ ስብስቡና ስለ ቤቱ አገልግሎት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ አገር ተመልካች ዘንድ የኮሎምቢያ ስም ከአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ታሪክ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። ለዚህ ተመልካቹን መውቀስ አይቻልም፤ ከየመጫኛ ቤቱ ሲወጣ የቆየው ሽጉጥ፣ ሻንጣ ሙሉ ዶላርና ሪዛም አለቃ የሚታይበት ተከታታይ ፊልም ነውና። ስለዚህ አንድ ባለሱቅ ተነሥቶ የዚያን አገር ልጆች በሥራቸው ላስተዋውቅ ማለቱ ምስጋና ይገባዋል። ስብስቡ ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለበት፤ ድክመቱም ምርጦቹን ሥራዎች ይዞ ሳለ ከኋላ ማስቀመጡ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደንበኛው ፍላሹን ሰጥቶ ሲቀመጥ በፕላስቲክ የተለበጠ የዝርዝር ካርድ ይቀርብለታል። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ባለሱቁ በእጁ የጻፋቸው ጥቂት መስመሮች አሉ፤ ሰውየው የት እንደተወለደ፣ ወላጆቹ ከየት እንደመጡ፣ በምን ሥራ እንደታወቀ ይገልጻሉ። የብራና ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም እንደሚለዩ ሁሉ እርሱም ስሞቹን በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር እስክሪብቶ አስፍሯል። ወረቀቱን ማንበብ ብቻውን ደስ ያሰኛል፤ በሌላ መጫኛ ቤት ይህን ያህል የደከመ ሰው አላየሁም።

ከዝርዝሩ ውስጥ ቀድሞ መወሰድ ያለበት «ኤንካንቶ» ነው። በ2021 የወጣውና በ2022 በምርጥ አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ያገኘው ይህ የዲዝኒ ፊልም ታሪኩ የሚፈጸመው በኮሎምቢያ ተራሮች መካከል ነው። ዋናዋን ልጅ ሚራቤልን በድምፅ የተጫወተችው ስቴፋኒ ቢያትሪዝ ከኮሎምቢያዊ አባትና ከቦሊቪያዊት እናት አርጀንቲና ውስጥ ተወልዳ ገና በሕፃንነቷ ቴክሳስ የገባች ናት፤ እህቷን ኢዛቤላን የተጫወተችው ዳያን ገሬሮ ከኮሎምቢያውያን ወላጆች ኒው ጀርሲ ውስጥ የተወለደች ናት፤ አባቷን አጉስቲንን የተጫወተው ዊልመር ቫልደራማ ከኮሎምቢያዊት እናትና ከቬኔዝዌላዊ አባት ማያሚ ላይ የተወለደ ነው፤ አጎቷን ብሩኖን የተጫወተው ጆን ሌግዊዛሞ ደግሞ ቦጎታ ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገ ነው። አንድ ፊልም የጫነ ሰው አራቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል ማለት ነው።

በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ዕቃና ልብስ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ ሚራቤል ትከሻዋ ላይ የምታነግተው በእጅ የተሠራ ቦርሳ፣ ብሩኖ የሚደርበው ሩዋና የተባለ ካባ፣ እናቷ ሕመምተኛ የምትፈውስበት አሬፓ የተባለ የበቆሎ ቂጣ፣ ሁሉም የአገሬው ናቸው። አያቲቱ አልማ በአንድ ቀን የወለደቻቸውን ሦስት ሕፃናት ታቅፋ ከመንደሯ ስትሸሽና ባሏን ወንዝ ላይ ስታጣ የሚያሳየው ክፍል ግን ከሁሉም ይልቃል። ቤት ንብረቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ለሚያውቅ የእኛ ተመልካች ይህን ክፍል ማስረዳት አያስፈልግም። የሱቁ ቅጂ ምስሉ ጥርት ያለ፣ ድምፁም ያልተጎዳ ሲሆን፣ የግርጌ ጽሑፉ ግን ዘፈን በተጀመረ ቁጥር ይቋረጣል። ታሪኩ በአብዛኛው የሚነገረው በዘፈን ስለሆነ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ባለሱቁ ሙሉ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ሊፈልግለት ይገባል።

የስብስቡ ምሰሶ ሌግዊዛሞ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ገደማ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኩዊንስ የሄደው ይህ ሰው፣ ስሙን የማያውቅ ተመልካች እንኳ ድምፁን ያውቀዋል፤ ከ2002 ጀምሮ በወጡት የ«አይስ ኤጅ» ፊልሞች ውስጥ ሲድ የተባለውን ኮልታፋ እንስሳ የተጫወተው እርሱ ነውና። ስሎዝ የሚባለው ይህ ዝግተኛ እንስሳ ምግብ በጉንጩ እንደሚያከማች ካወቀ በኋላ ሳንድዊች ጎርሶ እየተናገረ ድምፁን እንዳገኘው ራሱ ተናግሯል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያንን ፊልም ከልጆች ጋር ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ወደ ጉንጩ ይሄዳል። በ1996 ከሼክስፒር ድርሰት በተሠራው የ«ሮሚዮና ጁልየት» ፊልም ላይ ደግሞ ቁጡውን ቲባልትን ሲጫወት ያየው ሰው፣ ያ አሳቂ እንስሳና ይህ ሽጉጥ ያነገበ ጎረምሳ የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል።

ሆኖም ሌግዊዛሞ ከፍ ብሎ የሚታየው ለብቻው መድረክ ላይ ቆሞ ነው። በ1991 «ማምቦ ማውዝ»ን፣ በ1998 «ፍሪክ»ን ያቀረበው ይህ ከያኒ፣ በ2017 የኒው ዮርክ ታላላቅ ትያትሮች በሚታዩበት በብሮድዌይ ላይ «ላቲን ሂስትሪ ፎር ሞሮንስ» የተባለውን ሥራ ይዞ ወጣ። መነሻው ልጁ ነው፤ በትምህርት ቤት በዘሩ የተሰደበውና ስለ አንድ ጀግና ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ልጅ ከራሱ ወገን የሚጠቅሰው ሰው አጣ፤ አባትየውም በመማሪያ መጻሕፍት ያልተጻፈውን የሕዝቡን ታሪክ ፍለጋ ገባ። ጠመኔ ይዞ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈና እየሰረዘ፣ ከአዝቴክና ከኢንካ ዘመን አንሥቶ ወደ ዛሬ ይመጣል፤ ንጉሡንም ወታደሩንም ልጁንም ሚስቱንም ራሱ ይሆናል። በ2018 ለትያትር የሚሰጠው የቶኒ ልዩ ሽልማት ተሰጥቶታል። ሱቁ ይህን ሥራ በጥሩ ጥራት ይዞታል፤ ሁለቱ ቀደምት ሥራዎች ግን የሉም። ባለሱቁን ስጠይቀው «ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያወራበት ነው እያሉ ይተዉታል» አለኝ። ትያትር የሚማሩና የሚያስተምሩ የከተማችን ሰዎች ይህን ሳይጭኑ ከዚያ ሱቅ መውጣት የለባቸውም፤ ያለ ጌጥና ያለ ረዳት ተዋናይ አንድ አካል መድረክን እንዴት እንደሚሞላ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር በዚያ ቤት የለም።

ዳያን ገሬሮን በተመለከተ የካርዱ ጽሑፍ በጣም አጥሯል፤ «በኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ የታወቀች» ብሎ ያልፋል። መጻፍ የነበረበት ነገር እንዲህ ነው። ገሬሮ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ቦስተን ወደሚገኘው ቤቷ ስትመለስ ወላጆቿ በኢሚግሬሽን ሰዎች ተወስደው ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቃት፤ እነርሱም ወደ ኮሎምቢያ ተመለሱ፤ አሜሪካ ውስጥ በመወለዷ ዜጋ የነበረችው እርሷ ብቻዋን ቀርታ በጓደኞቿ ቤተሰቦች እጅ አደገች። በ2016 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ገልጻዋለች። ከ2013 እስከ 2019 በቀረበው በዚያ ተከታታይ ፊልም የምትጫወታት ማሪትሳ የተባለች ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ሲዝን ተይዛ ወደ ኮሎምቢያ በአውሮፕላን ትላካለች። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ማሪትሳ አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጣ የምትታይበትን ክፍል በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ተዋናይቷ የቆመችበት ቦታ እናትና አባቷ የቆሙበት ነውና። ዘመድ አዝማዱ በዲቪም በሌላም መንገድ አሜሪካ ለገባ፣ ወረቀት ያለውና የሌለው በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚኖር ለሚያውቅ የጎንደር ቤተሰብ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፊልሙ የወህኒ ቤት ሕይወትን ያለ መሸፋፈን የሚያሳይ በመሆኑ ግን ልጆች ባሉበት የሚከፈት አይደለም፤ ባለሱቁም ይህን በካርዱ ላይ ቢያሰፍር መልካም ነበር።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ። ፎልደሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ረድፍ የሚታየው «ግሪሴልዳ» ነው፤ በ2024 የወጣና ማያሚ ውስጥ የኮኬይን ንግድ ስትመራ ስለነበረች ኮሎምቢያዊት የሚተርክ ባለ ስድስት ክፍል ፊልም። በ1972 በኮሎምቢያዋ ከተማ ባራንኪያ የተወለደችውና ኋላ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው ሶፊያ ቬርጋራ መሪ ተዋናይ ሆና ለቴሌቪዥን ሥራዎች ለሚሰጠው ለኤሚ ሽልማት የታጨችበት ስለሆነ የትወናውን ብቃት አልክድም። ሰው ይበልጥ የሚጠይቀው እርሱን እንደሆነም ባለሱቁ ነግሮኛል። ይሁንና ስብስቡ የተዘጋጀው የኮሎምቢያን ልጆች በሌላ መልክ ለማሳየት ከሆነ፣ በሩ ላይ ያንኑ የቆየ ታሪክ ማቆም ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ያቺው ቬርጋራ ከ2009 እስከ 2020 ግሎሪያን ሆና የተጫወተችበት «ሞደርን ፋሚሊ» በአራተኛ ረድፍ ተደብቋል፤ ያለ ዝምድናና ያለ ምግብ መኖር የማትችል፣ ስትቆጣ ቤቱን የምታናውጥ፣ ስትወድም ቤቱን የምትሞላ እናት ናት፤ ለቤተሰብ የሚሆነውም እርሱ ነው። በዚያ ላይ በ«ግሪሴልዳ» ውስጥ ብዙው ንግግር በስፓኒሽ ሲሆን፣ የሱቁ ቅጂ ለስፓኒሹ ክፍል ምንም የግርጌ ጽሑፍ የለውም፤ የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት ግማሹን በግምት ነው።

የሙዚቃው ክፍል ትንሽ ነው። ከኮሎምቢያ ቤተሰብ ቨርጂኒያ ውስጥ የተወለደችው ካሊ ኡቺስ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ እየቀያየረች የምታዜማት «ቴሌፓቲያ» አለች፤ ለስላሳ ናት፣ ትደመጣለች። ሻኪራን እዚህ ማስገባት ግን ስሕተት ነው። ባራንኪያ ተወልዳ ያደገች ኮሎምቢያዊት እንጂ አሜሪካዊት አይደለችም፤ «ዋካ ዋካ»ን ሁላችንም ብንወድም ቦታዋ ሌላ ነው።

ስፖርቱ ከሁሉ የሚያሳዝነው ክፍል ነው፤ ጥቂት የግብ ቅንጥቦች ያለ ስምና ያለ ዓመት ተከምረዋል። የፋሲል ከነማ ደጋፊ በሞላበት ከተማ እንዲህ ያለ ክፍል በግዴለሽነት መሠራቱ ይቆረቁራል፤ ሊነገር የሚችለውም ብዙ ነበር። ካርሎስ ያሞሳ በኮሎምቢያዋ ፓልሚራ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሄደ ተከላካይ ነው፤ በ1993 የዓለም ንግድ ማዕከል ላይ ፍንዳታ ሲደርስ እዚያው በጽዳትና ጥገና ሥራ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ምሳ ላይ ስለነበር ተረፈ። በ2002 ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከደረሰው የአሜሪካ ቡድን አባላት አንዱ ነበር። በኮሎምቢያዋ ማኒዛሌስ የተወለደውና በልጅነቱ ኒው ጀርሲ የገባው ሁዋን አጉዴሎ በኅዳር 2010 በ17 ዓመቱ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በዚሁ በእኛ አህጉር፣ ኬፕ ታውን ላይ ነው፤ ተቀይሮ ገብቶ ደቡብ አፍሪካን 1 ለ 0 ያሸነፈችውን ግብ አገባ። ከኮሎምቢያውያን ወላጆች ኒው ጀርሲ የተወለደው አሌሃንድሮ ቤዶያ በ2019 ዋሽንግተን ውስጥ ግብ ካገባ በኋላ የሜዳውን ማይክሮፎን አንሥቶ የአሜሪካ ምክር ቤት የጦር መሣሪያ ግድያን እንዲያስቆም ጮኾ ጠይቋል። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ስኮት ጎሜዝም አለ፤ አላስካ ውስጥ ከኮሎምቢያዊት እናት ተወልዶ ከኒው ጀርሲ ቡድኑ ጋር በ2000 እና በ2003 የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ አሸናፊ የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫን ወስዷል። ባለሱቁ ለተዋናዮቹ የሠራውን ካርድ ለእነዚህም ቢሠራ ክፍሉ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለ አገልግሎቱ፦ ፍላሹ ከመጫኑ በፊት በቫይረስ መከላከያ ይፈተሻል፤ ፊልሙ በደንበኛው ፊት ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይታያል፤ የተበላሸ ሆኖ ከተገኘ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀየራል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ባለሱቁ ግን ፍላሹን ተቀብሎ ስም ጽፎበት ያስቀምጣል፣ ሲመጣም ስልክ ይደውላል። ለአንዲት እናት በተከታታይ ፊልሙ ምትክ «እማማ፣ ለልጆቹ ይኸኛው ይሻላል» ብሎ «ኤንካንቶ»ን ሲሰጣቸው ሰምቻለሁ፤ ዝርዝሩንም ያንን በሰጠበት ልብ ቢያስተካክለው እመኛለሁ።

ሳላነሣው የማላልፈው የመብት ጉዳይም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠራ ባለቤቶችን መብት ይጠብቃል፤ በፍላሽ የሚጫነው ፊልም ግን ለከያኒዎቹ የሚያስገባው አንድ ሳንቲም የለም። ጥሩ ኢንተርኔትና የክፍያ መንገድ ያለው አንባቢ እነዚህን ሥራዎች ከሕጋዊ አቅራቢዎች ቢያይ ይመረጣል፤ የባለሱቁን ካርድ እንደ መምረጫ መጠቀም ይችላል፣ ማንበብም አያስከፍልም።

ወደ ሱቁ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ረድፍ አልፎ «ኤንካንቶ»ን፣ «ላቲን ሂስትሪ ፎር ሞሮንስ»ንና «ሞደርን ፋሚሊ»ን በስማቸው ይጠይቅ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ስለሚበዙ ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ተከታታዮቹን ለሚፈልግ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ያለው ፍላሽ ያስፈልገዋል።