«ስኳር የለውም» የሚለውን ሳትገለብጡ አትግዙ

ለስኳር ሕመምተኛ ብላችሁ ብስኩትና ቸኮሌት የምትገዙ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ከፊት በትልቁ «ስኳር የለውም» የተባለው ዕቃ ከተራው ይወደዳል። ገልብጣችሁ ይዘቱን ስታነቡ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ማልቲቶል የሚባል ማጣፈጫ ነው። ማልቲቶል በሕግ ስኳር ስለማይባል አምራቹን ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ጉዱም እዚያ ላይ ነው። ካርቦሃይድሬት ነው፤ ካሎሪው የስኳርን ግማሽ ያህላል፤ ቀስ ብሎም ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የብስኩቱ ዱቄትም አለ፤ እሱም ሆድ ገብቶ ግሉኮስ ነው የሚሆነው። ማልቲቶልና መሰሉ ሶርቢቶል ሲበዙ ደግሞ ሆድ ይነፋሉ፣ ተቅማጥም ያመጣሉ። ይህ የሚጻፈው በደቃቁ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ለሻይና ለቡና በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠው ማጣፈጫ ነው። ሱክራሎዝ ከስኳር 600 እጥፍ፣ አስፓርቴም 200 እጥፍ ገደማ ይጣፍጣሉ። ለአንድ ስኒ የሚበቃው ቅንጣት ስለሆነ ፓኬቱን የሚሞላው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዴክስትሮዝ ወይም ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን። ዴክስትሮዝ ራሱ ግሉኮስ ነው! በአሜሪካ ደንብ በአንድ መጠን ከ5 ካሎሪ በታች ያለው ነገር «ዜሮ ካሎሪ» ሊባል ይችላል። አንድ ፓኬት ኢምንት ነው፣ አልጣላውም። ይህንኑ ድብልቅ በብዛት ገዝቶ ኬክ የሚጋግርበት ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጥበታል። «ስቴቪያ» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን አብዛኛው ክብደቱ ኤሪትሪቶል የሚባል፣ የማልቲቶል ዘመድ የሆነ ማጣፈጫ የሆነ ሞልቷል።

ካንሰር ያመጣል ወይ ለምትሉኝ፦ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» ከሚባሉት መደብ አስገብቶታል፤ ማስረጃው ግን ውስን መሆኑን አብሮ ተናግሯል። የምግብ ተጨማሪዎች ኮሚቴው በበኩሉ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም የሚለውን ገደብ አልቀየረም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ ዳይት ለስላሳ መጠጣት አለበት። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባለው የዘር ሕመም ያለበት ሰው ግን አስፓርቴምን ጨርሶ መራቅ አለበት። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ እንደ አስፓርቴም፣ ሱክራሎዝና ስቴቪያ ያሉትን ማጣፈጫዎች አትጠቀሙ ብሎ መክሯል፤ ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። እንግዲህ «ያከሳል» ተብሎ የሚሸጥላችሁን በዚህ መዝኑት።

ስትገዙ አጠቃላይ ካርቦሃይድሬት የሚለውን መስመር ከተራው ዕቃ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ተራውን ቀንሶ መብላት ይሻላል። በስም ፈንታ ቁጥር ከተጻፈ 951 አስፓርቴም፣ 955 ሱክራሎዝ፣ 965 ማልቲቶል ነው። ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበትን ማስቲካ ውሻ ከሚደርስበት አርቁ፤ ሊገድለው ይችላል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ዳይት ለስላሳውን ከስኳራማው ለይታችሁ አስቀምጡ። የደም ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ዳይቱ ምንም አያደርግለትም። መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር ያለበትን ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሕክምና አድርሱት።