የጣሪያ መስኮት ጽዳት፦ ከመሬት በዘንግ ወይስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ?

የጣሪያ መስኮት የሚያጸዳ ባለሙያ ወይ ከመሬት ሆኖ ውሃ በሚረጭ ረጅም ዘንግ ይሠራል፣ ወይ በደኅንነት ቀበቶና በገመድ ታስሮ ይወጣል።

ዘንጉ፦ ውሃው ማዕድኑ የተጣራለት ስለሆነ መስታወቱ ሳይወለወል፣ ነጠብጣብም ሳይተው ይደርቃል፤ የማጣሪያው ዋጋ ከፍ ቢልም ጊዜ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ የደረቀ የወፍ ኩስን ከሩቅ በብሩሽ ማስለቀቅ አድካሚ ነው፤ የጠርዙ ጎማ ያረጀ መስኮት ደግሞ ውሃውን ወደ ቤት ያስገባል።

መውጣቱ፦ ጥጋጥጉን በስፖንጅና በጎማ መጥረጊያ ለማጥራት ያስችላል። አደጋው ግን ከባድ ነው፤ እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፣ መስታወቱም ክብደት ይሸከማል ተብሎ ፈጽሞ አይረገጥም።

ከታች ለሚታይና በየጊዜው ለሚጸዳ መስኮት ዘንጉን እመርጣለሁ፤ ለዓመታት ላልተነካ ወይም ከጣሪያው ጀርባ ለተሰወረ ግን፣ አስተማማኝ የገመድ ማሰሪያ እስካለ ድረስ፣ መውጣቱ ይሻላል።