የፖስትግረስ «ኮፒ» ትእዛዝ፦ መለያ ምልክት ሲዛባ ምን ያህል ይረዳል?

ዓምዶቹ እንደ ኮማ ወይም ታብ ባለ መለያ ምልክት የተለዩ የጽሑፍ ፋይል በስክሪፕት ወደ ፖስትግረስ ዳታቤዝ ለመጫን «ኮፒ»ን የምንመርጠው በጥብቅነቱ ነው። አንድ ረድፍ ላይ ዓምድ ቢተርፍ ወይም ቢጎድል ጭነቱን በሙሉ ይተወዋል። የሌላው ዳታቤዝ፣ የማይኤስኪውኤል፣ «ሎድ ዳታ ሎካል» ትእዛዝ ግን ትርፉን ጥሎ፣ የጎደለውን በነባሪ ዋጋ ሞልቶ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል። ማንም የማያነበው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የተበላሸ ዳታን አያስቆምም።

«ከመጨረሻው ዓምድ በኋላ ትርፍ ዳታ አለ» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በአድራሻ ወይም በማስታወሻ ዓምድ ውስጥ ያለ ጥቅስ ያልተደረገበት ኮማ ነው። ስህተቱ የመስመር ቁጥር ስለሚጠቅስ መስመሩን በ«ሴድ» (መስመር መርጦ በሚያወጣ መሣሪያ) አውጥቶ በ«ኦዲ» (ባይቶችን አንድ በአንድ በሚያሳይ መሣሪያ) ማየት ይበቃል፤ በዓይን የማይለዩት ታብና ባዶ ቦታ እዚያ ይለያሉ። «ለዓምዱ ዳታ ጎድሏል» ካለ ግን ፋይሉን ከመውቀስ በፊት ትእዛዙን ማየት ነው። ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ፋይል) ካልተባለ «ኮፒ» የሚጠብቀው ታብ ነው፣ ኮማ አይደለም። መለያው ባለ አንድ ባይት ምልክት ብቻ መሆን አለበት፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት የሚይዘው የእኛ ነጠላ ሰረዝ «፣» ተቀባይነት የለውም።

ከሁሉ የሚያደክመው ያልተዘጋ ትምህርተ ጥቅስ ነው። እስከ ቀጣዩ ትምህርተ ጥቅስ ያለው ሁሉ እንደ አንድ ዓምድ ይዋጣል፣ የሚጠቀሰው የመስመር ቁጥርም ከጥፋቱ እጅግ ርቆ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን አትመኑት። በ«አውክ» (መስመርን በመለያ በሚከፍል መሣሪያ) ትምህርተ ጥቅሱን ራሱን መለያ አድርጋችሁ የየመስመሩን ክፍል ቁጠሩ፤ ባዶ ባልሆነ መስመር ላይ ብዛቱ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ጥቅሱ ጥንድ የለውም ማለት ነው። በትክክል በሁለት መስመር የተጻፈ ዓምድም እንዲሁ ይታያል፣ ግን መክፈቻውና መዝጊያው ሁለት መስመር ሆነው ይመጣሉ።

ቅሬታችን አንድ ነው፦ «ኮፒ» ስህተቶችን አንድ በአንድ እንጂ በአንድ ላይ አይነግርም። በ17ኛው ስሪት የመጣው፣ ስህተት ያለበትን ረድፍ የሚዘለው «ኦን ኤረር ኢግኖር» ተስፋ ቢሰጥም የሚዘለው የዳታ ዓይነት ስህተትን ብቻ ነው፤ የዓምድ ብዛት ሲዛባ አሁንም ይቆማል። ስለዚህ ለቆሻሻ ፋይል ባለ አንድ የጽሑፍ ዓምድ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ እንመክራለን። ሲኤስቪ በሉት፣ መለያውን ዋጋው 1 የሆነ ባይት፣ ጥቅሱን ዋጋው 2 የሆነ ባይት አድርጉት፤ ሁለቱም በተለመደ ጽሑፍ ውስጥ ስለማይገኙ እያንዳንዱ መስመር ሳይነካ ይገባል። መክፈሉና የተዛቡትን መለየቱ ከዚያ በኋላ በኤስኪውኤል ይሠራል።

ጭነቱ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ «የተሳሳተ ቁጥር» እየተባለ ከተመለሰ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ቦም (የፊደል ኮዱን የሚጠቁም ባለ ሦስት ባይት ምልክት) ሊኖር ይችላል፤ ካለ ሦስቱን ባይት ቆርጣችሁ ጣሉ። በፖስትግረስ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም በ«ፒኤስኪውኤል» ስክሪፕት ስታስኬዱም «ኦን ኤረር ስቶፕ»ን አብሩ። ካልበራ «ኮፒ» ወድቆም ቀጣዮቹ ትእዛዞች ይቀጥላሉ፣ የመውጫ ኮዱም 0፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ሊሆን ይችላል፤ ሲበራ ግን 3 ይመልሳል።