የካምፐር የውጭ ዕቃ ሳጥን መቀርቀሪያ ሲቀየር፦ የትኛው ለየትኛው በር?

የካምፐርዎን፣ ማለትም መኝታ ያለውን የጉዞ መኪናዎን፣ የውጭ ዕቃ ሳጥን ቁልፍ ያውጡና ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። CH751 (ሲኤች751) የሚል ከሆነ ሳጥኑ ተቆልፏል ብለው አይመኑ። እጅግ ብዙ ካምፐሮችና ተጎታች ቤቶች ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት ይህንኑ ቁልፍ ነው፤ አጠገብዎ የቆመው ሰው ቁልፍ የእርስዎን ሳጥን ይከፍታል፣ የእርስዎም የእሱን። ብዙ ሰው መቀርቀሪያ ልቀይር ብሎ የሚነሣው ይህን ባወቀ ዕለት ነው።

ምክንያቱ በቂ ነው፤ ግዢውን ግን ብቻውን ሊመራው አይገባም። የሳጥኑ በር ራሱ በአብዛኛው ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ የለበሰ ፎም ነው። ለመስረቅ የቆረጠ ሰው ቁልፉን ትቶ በሩን በጠፍጣፋ ብረት ይፈለቅቀዋል፤ ጥሩ ቁልፍ የሚመልሰው ሲያልፍ እጁን የሚሞክረውን ነው። በየጉዞው የሚያስመርረው ደግሞ ሌላ ነው፦ የገባ አቧራ፣ የረጠበ ዕቃ፣ መንገድ ላይ የተበረገደ በር። እነዚህን የሚወስነው መቀርቀሪያው በሩን ጎሚኒው (ዙሪያውን የሚያሽገው ላስቲክ) ላይ የሚጫንበት መንገድ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ወረቀት

3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወረቀት ይቁረጡ። በጎሚኒውና በፍሬሙ መካከል አስገብተው በሩን ይዝጉና ቀስ ብለው ይሳቡት። በአራቱም ማዕዘንና በየጎኑ መሃል ይድገሙት። ወረቀቱ እየተያዘ፣ ሳይቀደድ ከወጣ ግፊቱ ልክ ነው።

ውጤቱ የሚገዙትን ይነግርዎታል። ዙሪያውን ከያዘ የሚያስፈልግዎ አዲስ ቁልፍ ብቻ ነው። መቀርቀሪያው አጠገብ ይዞ ማዕዘኖቹ ላይ ከለቀቀ በሩ ይለመጣል፤ አንድ መቀርቀሪያ አይበቃውም። ዙሪያውን ከለቀቀ ደግሞ ጎሚኒው ሞቷል፤ ምንም ዓይነት መቀርቀሪያ ቢገዙ መጀመሪያ እሱ ካልተቀየረ ገንዘብዎ ሜዳ ላይ ቀረ።

በምላስ የሚቆልፈው

ከፋብሪካ የሚመጣው ይህ ዓይነቱ ነው፦ ትንሽ ክብ ሲሊንደር፣ ከኋላው ቁልፉ ሲዞር አብሮ የሚዞር ጠፍጣፋ የብረት ምላስ። የድሮውን አውልቆ በዚያው ቀዳዳ ቱቡላር የሚባለውን፣ ቱቦ የመሰለ ቁልፍ ያለውን መግጠም ርካሹና ፈጣኑ ለውጥ ነው። የተለመደው ቀዳዳ 19 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሩ አይቆረጥም፤ ለአንድ በር ሩብ ሰዓት ይበቃል። የድሮው ሲሊንደር ውስጥ ያሉት ስስ ሳህኖች በጥቂት ንቅነቃ ይታለላሉ። ቱቡላሩ ብዙውን ጊዜ 7 ፒን አለው፤ ለእሱም የተሠራ መክፈቻ ቢኖርም ማንም ኪሱ ይዞት አይዞርም።

ድክመቱ ምላሱ በሩን መያዙ እንጂ አለመሳቡ ነው። የወረቀት ፈተናውን ያለፈና ከ40 ሳንቲ ሜትር ያነሰ በር ከሆነ ግን ከዚህ በላይ ማውጣት ብክነት ነው።

ተገፍቶ የሚዘጋው

ፓድል የሚባለው ነው፤ እጀታውን በጣት ስበው ይከፍቱታል፣ ለመዝጋት በሩን መግፋት ብቻ ነው። ውስጡ በሞላ የሚገፋ፣ አንድ ጎኑ በሰያፍ የተቆረጠ ምላስ አለ። ውኃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ ለሚቀመጥበት፣ በቀን አምስት ጊዜ ለሚከፈት ሳጥን ከዚህ የሚመች የለም። ሁለት እጅ ሞልቶ፣ ዝናብ እየወረደ፣ በእግሩ ጉልበት ገፋ አድርጎ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ መግዛቱ እንደ መጠቀሙ ቀላል አይደለም። የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ከአምራች አምራች ይለያያል። በዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ፓድሎች በ3 ሚሊ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የውጭው ጠርዝ የድሮውን ቀዳዳ ካልሸፈነ ደግሞ በሩ ላይ ጠባሳ ይቀራል። የሚለካው የውጭው ሳህን ሳይሆን የተቆረጠው ቀዳዳ ርዝመትና ስፋት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ በሩ ክፍት ሳለ ቁልፉን አዙረው ቢገፉት ተቆልፎ መዘጋቱ ነው። ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ከቀረ የሚቀጥለው ሥራ ፓድሉን መሰርሰር ነው። መለዋወጫ ቁልፍ ሌላ ቦታ ያኑሩ። ሦስተኛ፣ የምላሱ ሰያፍ ጎን ፍሬሙን ቀድሞ መንካት አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ በሩ ሲገፋ ይመለሳል፤ ሰውም ኃይል ጨምሮ ሲገፋ ከዚንክ የተቀረጸው አካል ይሰነጠቃል።

በሩን ወደ ውስጥ የሚስበው

ለአቧራና ለውኃ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። አንደኛው የተለመደ አሠራር እንዲህ ነው፦ እጀታው ወይም ቁልፉ በመጀመሪያው 90 ዲግሪ ምላሱን ከፍሬሙ ጀርባ ያደርሰዋል፣ በቀሪው 90 ዲግሪ ደግሞ ምላሱን ወደ ውጭ 6 ሚሊ ያህል ይስበዋል፤ በሩም በዚያው ልክ ጎሚኒው ላይ ይጨመቃል። ከኋላ ያለውን ዳዶ በማዞር ምላሱ የት እንደሚቆም ማስተካከል ይቻላል። በሩ ተወጥሮ ስለሚያዝ መንቀጥቀጥና መንኳኳትም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ጎሚኒ ሲዘጋ ከቁመቱ ሲሶ ያህል ቢጨመቅ ይበቃዋል። እስኪጠፈጠፍ ከተጫነ በጥቂት ወራት እንደተጠፈጠፈ ይቀራል፤ ባለቤቱ እንደገና ያጠብቃል፣ ጎሚኒውም ይብስበታል። በወረቀቱ ይመሩ፤ ከተቀደደ ዳዶውን ግማሽ ዙር ያላሉ። ሌላው ጉድለት ፍጥነት ነው፤ ሁልጊዜ እጅ ይፈልጋል፣ ተገፍቶ አይዘጋም።

ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ለሆነ በር አንድ መሃል ላይ ከመግጠም ሁለት ቢገጥሙ ይሻላል፣ ከየጫፉ ሩብ ያህል ገባ ብለው። ከ1 ሜትር ለሚበልጠው፣ ወለል ስር ከዳር እስከ ዳር ለሚያልፈው ሳጥን፣ አንድ እጀታ ሁለት ዘንግ ወደ ሁለቱ ጫፍ የሚገፋበት ስልት አለ። አያያዙ ጠንካራ ነው፤ ዘንጎቹ ግን ከበሩ ጀርባ ቦታ ይበላሉ፣ የተጫነ ዕቃ ከገፋቸውም ይጎብጣሉ። ሁለት የሚስቡ መቀርቀሪያዎች ያንኑ ሥራ በትንሽ ጣጣ ስለሚሠሩ ምርጫችን እነሱ ናቸው።

በባትሪ የሚሠሩ፣ ቁጥር የሚነካባቸው ቁልፎችም አሉ። ለመግቢያው በር ይሁን፤ ከጎማው የሚረጨው ጭቃና ውኃ ለሚያገኘው ዝቅተኛ ሳጥን ግን አንመክራቸውም።

ልኬት፣ ከማዘዝዎ በፊት

በምላስ ለሚቆልፈው ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል። አንደኛው ቁልፉ ያለበት ቦታ ላይ የበሩ ውፍረት ነው፣ በካሊፐር። ሲሊንደሮች በ16፣ 22 እና 29 ሚሊ ይሸጣሉ፤ ለዳዶው 7 ሚሊ ያህል ሲቀነስ የሚይዙት ውፍረት 9፣ 15 እና 22 ሚሊ ነው። ሁለተኛው ከቀዳዳው መሃል እስከ ምላሱ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ሦስተኛው የምላሱ ቅርጽ ነው፦ ቀጥ ያለ ወይስ የታጠፈ፣ ከታጠፈስ በስንት ሚሊ? የድሮውን ምላስ አይጣሉት፤ ብዙ ጊዜ አዲሱ ሲሊንደር ላይ ይገባል።

በሮቹን ቆጥረው ሁሉንም በአንድ የቁልፍ ኮድ (አንድ ቁልፍ ሁሉንም እንዲከፍት)፣ በአንድ ጊዜ ይዘዙ፣ አንድ ትርፍ ጨምረው። ሲበላሽ ለብቻው ቢያዝዙ ያንኑ ኮድ ማግኘትዎ አጠራጣሪ ነው፤ ያኔ ኪስዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁልፍ ይጀመራል።

ሲገጠም

ሲሊንደሩ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ የበሩ ቀዳዳም እንደዚያው መሆን አለበት። የድሮው ቀዳዳ ተበልቶ ክብ ከሆነ ቁልፉን ሲያዞሩ ሲሊንደሩ ራሱ ይዞራል። መፍትሔው ዳዶውን ማጥበቅ ሳይሆን በልኩ የተቀደደ የላሜራ ሳህን ከኋላ መደገፍ ነው። ዳዶውን ያለ ሳህን ካጠበቁት ፎሙ ይጎደጉዳል፣ የውጭው ሽፋንም ይሰረጉዳል።

ምላሱን የምትይዘውን ትንሽ ብሎን ችላ አይበሉ። በመንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ትላላለች፤ አንድ ቀን በሩ ተቆልፎ ሳለ ምላሱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ቁልፉ በነጻ ይሽከረከራል፣ በሩ ግን አይከፈትም፤ ከሌላ ወገን መግቢያ ከሌለው መሰርሰር ብቻ ነው። አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ቀዩን አይጠቀሙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሳት ካልነካው አይፈታም።

ለፓድል ቀዳዳ ማስፋት ካለብዎ መስመሩን በወረቀት ፕላስተር ላይ ይሳሉ፣ ማዕዘኖቹን በፑንታ ይብሱ፣ በጥሩ ጥርስ ጂግሶ ቆርጠው በሞረድ ያስተካክሉ። ፕላስተሩ የፋይበርግላሱ ቀለም እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። የተቆረጠውን ጠርዝ፣ በተለይ ውስጡ እንጨት ካለው፣ ሳይደፍኑ አይለፉ፤ ውኃ ከዚያ ገብቶ በሩን ከውስጥ ያሳብጠዋል። ከሳህኑ ሥር የሚገባው ቡታይል ፕላስተር (የሚለጠፍ ለስላሳ ማሸጊያ) ይሁን፤ ሲሊኮን ከተጠቀሙ በኋላ የሚቀረው ቅባት ሌላ ነገር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የማይዝግ ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ አሉሚኒየሙን ስለሚበላው ክሩን ግራሶ ይቀቡት።

ቁልፉ ውስጥ ደረቅ ግራፋይት ይበቃል፤ ዘይት ከተደረበበት ጭቃ ይሆናል። ጎሚኒውን በሲሊኮን ስፕሬይ ያብሱት እንጂ ግራሶ አያስነኩት፤ የነዳጅ ዘር ቅባት ብዙውን የበር ጎሚኒ ያሳብጣል።

የጋዝ ሲሊንደር ያለበትን ሳጥን ከዚህ ሁሉ ይለዩት። እሳት ሲነሣ አጠገቡ ያለ ማንኛውም ሰው ያለ ቁልፍ ከፍቶ ቫልቩን መዝጋት መቻል አለበት። ለእሱ ቁልፍ የሌለውን ፓድል ይዘዙ።